ግድግዳ ነበረው ወይስ አልነበረውም?

ልጅ ክርስትና ሊነሣ 3 ሳምንት ሲቀረው አባቱና ክርስትና ሊያነሣው የታሰበው ጓደኛው ተኳረፉ። በገንዘብ አይደለም። በሴትም አይደለም። በፕሌይስቴሽን ነው! ደብዳቤውን የጻፈችልኝ የሕፃኑ እናት ናት። “ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ” ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ ከትምህርት ቤት እየፎረፉ ፕሌይስቴሽን ቤት የዋሉ ናቸው። አንድ ማታ እራት ላይ የቴከን 3 ወሬ ተነሣ። ባልየው “ያኔ ከኋላ ካለው ግድግዳ ጋር አጣብቄ ነው የጨረስኩህ” ይላል። ጓደኛው ደግሞ “ቴከን 3 ምን ግድግዳ አለው? ስትሄድ ብትውል የትም አትደርስም” ይለዋል። አንተ ትብስ አንተ ትብስ ቀርቶ ነገሩ ከረረና ጓደኛው “ዱሮም ውሸታም ነህ” ብሎ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም፣ ሰላምታ የለም። እሷስ አሁን ሌላ የክርስትና አባት ትፈልግ? ዘመድ ምን ይበል?

እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ቢሆንም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ማሽኑ ይጠየቅ ብዬ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ያለው ልጅ ፈልጌ ቴከን 3ን አስከፈትኩ። ሰዓት በማይቆጠርበት የልምምድ ክፍል ገባንና ተቃራኒውን በቡጢ እየገፋን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነዳነው። ሩብ ሰዓት ያህል ነዳነው። ከኋላ የሚታየው ነገር አንዲት ጣት እንኳ አልቀረበም!

ለምን? ፎቶ ቤት ገብታችሁ ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆማችሁ ታውቁ የለ? የቴከን 3 ጀርባ እሱው ነው። ልዩነቱ መጋረጃው ዙሪያውን ከቦ ከተደባዳቢዎቹ ጋር አብሮ መሄዱ ነው። መሬቱ ከእግር ሥር ይንሸራተታል፣ ሥዕሉ ግን ርቀቱን እንደጠበቀ ይከተላል። ወደ ጎን ሸሸት ስትሉ ይዞራል፤ ወደፊት ስትገፉ ግን አያድግም። ናምኮ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1997 ሳንቲም ለሚጎርሱት የአርኬድ ማሽኖች፣ በ1998 ለፕሌይስቴሽን አወጣው። ፕሌይስቴሽን የነበረው ዋና ሜሞሪ 2 ሜጋባይት፣ ለምስል የተለየው ደግሞ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። በዚህች አቅም እውነተኛ ሕንፃ ከመገንባት መጋረጃ መስቀል ይሻላል፤ ያለው ጉልበት ለሁለቱ ጉልበተኞች ይዋል።

ታዲያ ባልየው ዋሸ? እንደኔ እንደኔ አልዋሸም። ግድግዳ ያመጣው ቴከን 4 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በአርኬድ፣ በ2002 በፕሌይስቴሽን 2። ድብድቡ መኪና ማቆሚያ፣ የገበያ አዳራሽና አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሁሉ ነው። ሰውን ግድግዳ ላይ አላትሞ መደብደብ ይቻላል፣ መሬቱም ወጣ ገባ ነው። በልጅነታችን ደግሞ ብዙ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ሲዲ ኮፒ ነበር፤ ላዩ ላይ በማርከር “ቴከን” ተብሎ ከተጻፈ በቂ ነው። ስንተኛው ቴከን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? የተከፈለበት ሰዓት እየሄደ!

እህቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው ሽማግሌ ሳይሆን አንድ ዲስክ ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣውን ቴከን 5 አፈላልጊ። ግድግዳ ያለውም የሌለውም ሜዳ አለው፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቴከኖች የአርኬድ ቅጂ እዚያው ውስጥ ተካቷል። ሁለቱንም ቡና ጥሪያቸው፣ ጆይስቲኩን አቀብያቸውና አንቺ ወደ ጀበናሽ ዞር በይ። “ማን ልክ ነበር?” ብለሽ ግን እንዳትጠይቂ።

ደብዳቤው በዚህ አያበቃም። ባልየው “የወለሉ መስመር ይጣመም ነበር” ሲል ጓደኛው “ጫት አብዝተህ ነው” ብሎታል አሉ። ኧረ በሕግ! በስድስተኛ ክፍል የምን ጫት? መስመሩ በእርግጥ ይጣመማል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሥዕሉን በሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች ላይ ሲለጥፍ የቱ ጫፍ እንደሚርቅ፣ የቱ እንደሚቀርብ አያመዛዝንም፤ ስለዚህ ቀጥ ያለው የወለል መስመር ወደ ዓይን ሲቀርብ ይንጋደዳል። የቅርጾቹን ማዕዘን የሚያስቀምጠውም በሙሉ ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ ግማሽ ነጥብ ብሎ ነገር ስለማያውቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ነገሩ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ቴሌቪዥኑን በጥፊ የመታችሁ ሁሉ በከንቱ ነው የመታችሁት።

ጓደኛው ደግሞ በሌላ ጨዋታ ከጨረቃ ፊት ሰው ሲበር አይቻለሁ ብሏል። ባልየው በዚህ በጣም ሳቀ። እዚህ ላይ ግን መሳቅ አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ሞርታል ኮምባት፣ ገደል ላይ በተዘረጋው ድልድይ ሲደባደቡ አልፎ አልፎ ጨረቃዋን የሚያቋርጥ ጥላ አለ። ብልሽት አይደለም፣ ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያስቀመጡት ምልክት ነው። ጥላው ባለፈበት ግጥሚያ ምንም ሳይመቱና አንዴም ሳይከላከሉ ሁለቱንም ዙር አሸንፎ፣ በመጨረሻው የመግደያ ምት የጨረሰ ሰው ገደሉ ሥር ወርዶ ሬፕታይል የሚባለውን አረንጓዴ ድብቅ ተዋጊ ያገኛል። ጓደኛው እዚያ ድረስ መድረሱን እንኳ እጠራጠራለሁ። ጥላውን ግን አይቷል፤ ይህንን ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ከእራት በኋላ።