«ሲስተም የለም» ሲባል የጎደለው ምንድን ነው?

አንድ አዛውንት ገበሬ ለአንዲት ማስረጃ ከስማዳ ገጠር ተነሥተው ወገዳ ድረስ በእግራቸው መጡ እንበል። «አባቴ፣ ሲስተም የለም፤ ሰኞ ይምጡ» ቢባሉ የባከነው ቀናቸው ብቻ አይደለም፤ መብታቸውም ተጓድሏል። ነፋስ መውጫም ይሁን መካነ ኢየሱስ፣ አዲስ አበባም ቢሆን ይህ መልስ ለባለጉዳይ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ሲስተሙ እያለ፣ የጠፋው እሱን የሚከፍተው ብሮውዘር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳዎችን በወረዳኔት የማገናኘቱ ሥራ ሲጀመር፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራሞች የሚጻፉት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ኤክስፕሎረር 11ን ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ጡረታ አወጣው። ፍላሽ ደግሞ ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ተቋርጧል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ከማለቱ በፊት የሚከተሉትን ቢመረምር መልካም ነው።

አንደኛ፣ ገጹን በሌላ ኮምፒውተር ይሞክረው። እዚያ ከከፈተ ኔትወርኩም ሰርቨሩም ደህና ናቸው ማለት ነው። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከት። ባትሪው ደክሞ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይም አንድ ሰው ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞላው፣ ብሮውዘሩ የገጹን የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ገና ያልደረሰ አድርጎ ስለሚያየው አልከፍትም ይላል።

ሁለተኛ፣ ገጹ ተከፍቶ ቁልፎቹ የማይሠሩ ከሆነ ለኤክስፕሎረር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በኤጅ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲፎልት ብሮውዘር» የሚለውን ከፍቶ ገጾች በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ እንዲከፈቱ መፍቀድ ይቻላል። ሠራተኛው ራሱ የሚመዘግበው ገጽ በ30 ቀን ይሰረዛል፤ ስለዚህ የአይሲቲ ባለሙያው ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቢያስተካክለው ይሻላል። ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር ቢያንስ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 እንደሚደግፍ አስታውቋል። ፕሮግራሙ የቆመው በፍላሽ ላይ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይረዳም፤ እንደገና መጻፍ አለበት።

ሦስተኛ፣ የአማርኛው ጽሑፍ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ከታየ ችግሩ የፎንት ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የቀድሞ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ለጊዜው የድሮውን ፎንት መጫን ይረዳል፤ ዘላቂው መፍትሔ መረጃውን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው።

ሆኖም እነዚህ ሁሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲገዙ ከአንድ በላይ በሆነ ብሮውዘር እንዲሠራ፣ የፕሮግራሙ ኮድና መረጃውም እንዲያስረክብላቸው በውሉ ውስጥ ያስገቡ። እስከዚያው ባለጉዳዩ በወረቀት መዝገብ ይስተናገድ። አዛውንቱ የመጡት ማስረጃቸውን ፈልገው ነው፤ ብሮውዘር ማርጀቱ የእሳቸው ጥፋት አይደለም።