የሚቆጠረው «ሠውር» እና የሚታየው ኮከብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥር 22 ቀን፣ የቅዱስ ዑራኤል ዓመታዊ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በቂርቆስና በካዛንቺስ የሚኖር ምእመን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቀና ቢል ከአናቱ አጠገብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ፣ ብርቱካናማ ኮከብ ያያል። የመንገዱና የሕንፃዎቹ መብራት ብዙዎቹን ከዋክብት ቢጋርድም ይህን አይጋርደውም፤ በሰማይ እጅግ ደምቀው ከሚታዩት አንዱ ነውና።

ዐረቦች «አልደበራን» ብለውታል፤ ተከታይ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ሰባቱ ከዋክብት የሚላቸውን ተከትሎ ስለሚወጣ ነው። የቦረና አባቶች ደግሞ «በከልቻ» ይሉታል። አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመው የገዳ ጥናታቸው እንደመዘገቡት፣ ጨረቃ ከእርሱና ከሌሎች ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ጊዜ አይተው ወራቸውን ይለያሉ።

ኮከቡ የሚገኘው «ሠውር» በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በሬ ነው፤ በግእዙ «ሶር» የምንለው። ብዙ ሰው ግን ሠውርን የሚያውቀው ከዐውደ ነገሥት ነው። ቆጣሪው የጠያቂውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ፣ ለ12 ገድፎ «ኮከብህ ሠውር ነው» ይለዋል። ልብ እንበል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ወደ ሰማይ አልተመለከተም። የተቆጠረው ፊደል እንጂ ኮከብ አይደለም! «ኮከባችሁ አይገጥምም» ተብለው እጮኝነታቸውን ያፈረሱ ወጣቶች የተለያዩት በስማቸው ፊደል ድምር ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ያስቀምጣል። ኮከብ ቆጠራን ለሰው ያስተማሩት የወደቁት መላእክት ናቸው፤ የብርሃናትን መውጫና መግቢያ፣ የዕለታትንና የዓመትን ሥርዓት ለሄኖክ ያሳየው ግን ቅዱስ ዑራኤል ነው። ስለዚህ ሰማይን መመልከት የተነቀፈ አይደለም፤ የተነቀፈው ፍጡሩን በሰው ዕድል ላይ ማንገሥ ነው።

ኮከቡ ራሱ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ስፋቱ ከፀሐይ 44 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በእምብርቱ የነበረውን ሃይድሮጅን ጨርሶ አብጧል፤ ገጹም ከፀሐይ ገጽ ቀዝቅዟል። አንጥረኛ እንደሚያውቀው ብረት እጅግ ሲግል ይነጣል፣ ሲበርድ ይቀላል፤ የኮከቡም ብርቱካናማነት ከዚሁ የመጣ ነው። ርቀቱ 65 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ዛሬ የምናየው ብርሃን ከዚያ የተነሣው በዚሁ ሰፈራችን የአፍሪካ አዳራሽ በተመረቀበት በ1953 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ለማየት መነጽር አያስፈልግም። በጥር ምሽት ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ ከፍ ብለው በአንድ መስመር የተሰለፉትን ሦስት ከዋክብት መፈለግ ነው። እጅን ዘርግቶ ከእነርሱ ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በመስመራቸው አንድ ስንዝር ቢለኩ እርሱ ላይ ይደርሳሉ። ጥቂት አልፎ ሰባቱ ከዋክብት አሉ፤ እነርሱን ለማየት ግን ከመብራት ራቅ ማለት ይሻላል። ማርስም አንዳንድ ጊዜ በአጠገቡ ቀልቶ ያልፋል፤ ማርስ ግን እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም አይልም።

በግንቦት መጨረሻ በፀሐይ ብርሃን ተውጦ ይሰወራል። በሰኔ መጨረሻ፣ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ፣ ንጋት ላይ በምሥራቅ እንደገና ይታያል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።