ድሬዳዋን የቆረቆረ ጣቢያ

የድሬዳዋን የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የዛፎቹን ጥላ ይዞ የሄደ ሰው መዳረሻው የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። መንገዶቹ የተቀየሱት ለጣቢያው ሲባል ነውና አያስደንቅም። ባቡሩ ሲመጣ እዚህ ሜዳ ላይ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሥራ ፈቃድ ለስዊዘርላንዱ ተወላጅ ለሙሴ ኢልግ ሲሰጡ የመጀመሪያው መዳረሻ ሐረር እንድትሆን ታስቦ ነበር። የምሥራቁ ቡናና ቆዳ የሚሰበሰበው በሐረር የጀጎል ግንብ ውስጥ ስለሆነ ሐሳቡ ትክክል ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ ውሃ የራቀውን በረሃ እያቋረጠ ወጣ። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከግርጌዋ ያለው ሜዳ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ያንን ዳገት ባቡር ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ሥራውን የያዘው ኩባንያ ከሚችለው በላይ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚያው ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ቆመ። ለቦታው «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ቢወጣለትም የጸናው ድሬዳዋ የሚለው ነው።

ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ 1909 ዓ.ም. ደረሰ። ያ መዘግየት ለአገሪቱ ኪሳራ ቢሆንም ለድሬዳዋ ሲሳይ ነበር። የመስመሩ ጫፍ እሷ ስለነበረች ከፉርጎ የወረደው ዕቃ ሁሉ ለግመልና ለበቅሎ የሚከፋፈለው እዚህ ነበር። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ ዐረቡም ሱቁን ከፈተ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባም በኋላ ቢሆን ለብዙ ጊዜ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሦስት ቀን መንገድ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። የሆቴሉ ሥራ የደራው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ከጣቢያው ጋር አንድ ግቢ የሚጋራው የጥገና ወርክሾፕ ነው። የመስመሩ ዋና ጥገና የሚካሄደው እዚህ ነበር። አንዱን ሥራ ብቻ ልጥቀስ። የባቡር መንኮራኩር ሐዲዱን አቅፎ የሚይዝ ከንፈር አለው። መንገዱ ጠመዝማዛ ሲሆን ይህ ከንፈር ከሐዲዱ ጎን ጋር እየተፋተገ ይሳሳል፤ ከልክ በላይ ከሳሳ ባቡሩ ከመስመር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ መንኮራኩሮች ከነአክስላቸው ወርደው ትልቅ ቶርኖ ላይ ይታሰራሉ። ባለሙያው ብረቱን እየፋቀ የከንፈሩን ቅርጽ ይመልሳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ሁለቱን እኩል ማውጣት ነው፤ የአንዱ ዲያሜትር ከሌላው በጥቂቱ እንኳ ከበለጠ ወደ አንድ ወገን መጎተት ይጀምራሉ። ይህን የሚያውቅ እጅ የሚፈጠረው ዓመታት ከአሮጌ ባለሙያ አጠገብ ቆሞ በማየት ነው። የድርጅቱ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ሠራተኛው ከሙያው ጋር ቋንቋውንም ይዞ ይወጣ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማሊኛንና ፈረንሳይኛን እያፈራረቁ የሚያወሩ አዛውንቶች ብዙዎቹ የዚህ ግቢ ልጆች ናቸው።

መስመሩ የወደቀው በአንድ ቀን አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ሲገፋ ድልድዮች ፈርሰው አገልግሎቱ ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከአፍሪካ የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ከዚያ ሐዲዱም ሎኮሞቲቩም አረጀ፣ የጭነት መኪናው ጭነቱን ወሰደ። ለእድሳት የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቢመደብም ሥራው ከዳር አልደረሰም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባው ወገን ጸጥ አለ። የጅቡቲው ወገን ቆይቶ ለአጭር ጊዜ ቢነቃም አልዘለቀም።

ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ጣቢያው ግን ከመሐል ከተማው ርቋል። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር፣ የድሮው 1 ሜትር ስለሆነ ከአሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች አንዱም በአዲሱ መስመር ላይ መሄድ አይችልም። የከዚራው ጣቢያ ከነማሽኖቹ የቀረው ለዚህ ነው።

ጣቢያውን ሙዚየም ስለ ማድረግ ሲነሣ የሰው ዓይን ሎኮሞቲቮቹ ላይ ያርፋል። እነሱስ ብረት ናቸው፤ መጠለያ ካገኙ ይቆያሉ። የሚያሳስበኝ የቶርኖው ሙያ ነው። ያን ማሽን ያሠሩ የነበሩት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፣ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ ባለሙያው ፊቱ ቆሞ፣ አንድ ጥንድ መንኮራኩር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያስተካክል በካሜራ ይቀረጽ። እሱ እያስረዳ፣ ወጣት መካኒኮችም እየጠየቁት።