የአቶም ውሕደት ኃይል ማመንጫ ደኅንነትና የማቀዝቀዣው አሠራር

በጁን ወር 2025 ዓ.ም. ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገና ካልተሠራ ማመንጫ 200 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) ሻጩ ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የሚባል ድርጅት ሲሆን፥ ማመንጫው በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር በቼስተርፊልድ አውራጃ ሊቆም የታሰበና ጠቅላላ ኃይሉ 400 ሜጋ ዋት የሚሆን ነው። ኃይሉም የሚገኘው አቶምን በመሰንጠቅ ሳይሆን አቶምን ከአቶም ጋር በማዋሐድ ነው። እንዲህ ያለ ስምምነት በንግዱ ዓለም መደረግ ከጀመረ ዘንድ፥ የንግድ ሰዎች የሻጮቹን ቃል መመርመር የሚገባቸው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ሻጮቹ አዘውትረው የሚያስረዱት፥ ማመንጫቸው በቀድሞው የአቶም ማመንጫ እንደደረሰው ሊቀልጥና አገር ሊያስለቅቅ የማይችል መሆኑን ነው።

ቃሉ እውነት ነው። እውነትነቱ እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ግን ሙቀቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ደረጃ በደረጃ መከተል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ አቶምን በመሰንጠቅ የሚሠራውን እንመልከት። በማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን አገር በፉኩሺማ ዳይቺ የመሬት መንቀጥቀጥ በተሰማ ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩት መሣሪያዎች ወዲያው ቆመዋል፤ የአቶሙም መሰንጠቅ ተቋርጧል። ይሁን እንጂ ከተሰነጠቀው ነዳጅ የተረፉት ንጥረ ነገሮች ሙቀት መስጠታቸውን አይተዉም። መሣሪያው በቆመበት ቅጽበት የሚተርፈው ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ ከመቶ 6 ወይም 7 እጅ ያህል ነው፤ ይህንንም ቀንና ሌሊት በውኃ ማውጣት ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ የባሕሩ ማዕበል መጥቶ የናፍጣ ጄኔሬተሮቹን ስላጥለቀለቃቸው ውኃውን የሚገፋ ፓምፕ ጠፋ፤ የሦስቱም መሣሪያዎች ነዳጅ ቀለጠ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የቀረው ፍም ቤቱን አቃጠለው ማለት ነው።

በውሕደት የሚሠራው ከዚህ የሚለየው በነዳጁ መጠን ነው። ነዳጁ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉት ሁለት ዓይነት ሃይድሮጂኖች ሲሆኑ፥ እስከ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ግለው በማግኔት ኃይል ከግድግዳ ርቀው ይያዛሉ፤ በዚህ ሁኔታ ያለው ጋዝ ፕላዝማ ይባላል። በእንግሊዝ አገር በካልሃም የነበረው ጄት የተባለው መሣሪያ በ2023 ሥራውን ከማቆሙ ጥቂት ቀደም ብሎ በ5 ሰኮንድ 69 ሜጋ ጁል ሙቀት አውጥቷል፤ ለዚህም የፈጀው ነዳጅ 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እህል ለሚነግዱ አባሎቻችን ልኬቱን ለማስረዳት፥ ይህ ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። በትልቁም መሣሪያ ቢሆን በአንድ ጊዜ በምድጃው ውስጥ የሚገኘው ነዳጅ ከጥቂት ግራም አያልፍም። ጥቂት አየር ቢገባ፥ ማግኔቱ ቢዛነፍ፥ ግድግዳው ቢደማ ፕላዝማው ቀዝቅዞ ይጠፋል። ሊቃውንት ሰባ ዓመት ያህል የደከሙትም ይህን እሳት ለማጥፋት ሳይሆን እንዳይጠፋ ለማድረግ ነው።

እንግዲህ ማቀዝቀዣው ቢቋረጥስ? እሳቱ ይጠፋል። የግድግዳው ብረት ግን በኒውትሮን ሲደበደብ ስለቆየ ራሱ ጨረር አመንጪ ሆኗልና ጥቂት ሙቀት መስጠቱን ይቀጥላል። ይህ ሙቀት ከተሰነጠቀ ነዳጅ ሙቀት እጅግ ያነሰ፥ በብዙ ሺህ ቶን ብረት ላይም የተበተነ ነው። ስለዚህ የቧንቧው አሠራር የታቀደው ፓምፕ ቢቆም እንኳ የሞቀው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ፥ የቀዘቀዘው ወደ ታች ወርዶ፥ ያለማንም ረዳት እንዲዘዋወር ነው።

ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባለው በረሃ የጭነት መኪና ያሰማራ ነጋዴ ራዲያተር ሲደርቅ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ሞተሩ ይቃጠላል፥ ጭነቱ ይዘገያል፥ ባለንብረቱ ይከስራል፤ በመንገድ ዳር ባለው መንደር ላይ ግን የሚደርስ ጉዳት የለም። በመድን ውል ቋንቋ ስንናገር፥ በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳትና በራስ ንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳት ሁለት ልዩ ልዩ አንቀጾች ናቸው። ሻጮቹ የሚናገሩት ስለ ፊተኛው ነው። በእኔ አስተያየት የንግድ ሰው አጥብቆ ሊጠይቅበት የሚገባው ሁለተኛው ነው።

ይህን በተግባር ለመመልከት በደቡብ ፈረንሣይ በካዳራሽ በመሠራት ላይ ያለውን ኢተር የተባለውን መሣሪያ መመርመር ይበጃል። አሳቡ በ1985 ጎርባቾቭና ሬጋን በጄኔቭ በተገናኙ ጊዜ የተነሣ ሲሆን ውሉ በኖቬምበር 2006 በፓሪስ ተፈርሟል። ባለድርሻዎቹ የኤውሮፓ ኅብረት፥ ቻይና፥ ሕንድ፥ ጃፓን፥ ደቡብ ኮርያ፥ ሩሲያና አሜሪካ ናቸው። ኢተር ኤሌክትሪክ የሚሸጥ ማመንጫ አይደለም፤ የታቀደው 50 ሜጋ ዋት ማሞቂያ ተቀብሎ 500 ሜጋ ዋት የውሕደት ኃይል በመስጠት ለሚከተሉት ማመንጫዎች መንገዱን እንዲያሳይ ነው።

ከዚህ ኃይል ከመቶ 80 እጁን ይዘው የሚወጡት ኒውትሮን የተባሉት ቅንጣቶች ናቸው። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ጠባይ ስለሌለው ማግኔት አይገታውም፤ ወደ ግድግዳው ዘልቆ ብረቱን ከውስጥ ያሞቃል። ይህን የሚቀበሉት 440 የግድግዳ ክፍሎች ሲሆኑ ሊቃውንቱ ‹ብርድ ልብስ› የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል፤ ስሙ ያስቃል፥ ሥራቸው ማሞቅ ሳይሆን ሙቀትን ተቀብሎ ለውኃ ማስረከብ ነውና። የቀረው 20 እጅ በፕላዝማው ውስጥ ቆይቶ በመጨረሻ በወለሉ ላይ ወዳለው ዳይቨርተር ይወርዳል፤ ይህም እንደ ምድጃ አመድ መቀበያ ያለ ክፍል ነው።

ከባዱ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሰማዩ በጠራበት እኩለ ቀን ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የምታወርደው ሙቀት 1 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ዳይቨርተሩ በአንድ ካሬ ሜትር ዘወትር 10,000 ኪሎ ዋት፥ ለአጭር ጊዜም እስከ 20,000 ኪሎ ዋት እንዲሸከም ይጠበቃል። ስለዚህ ፊቱ ከተንግስተን ይሠራል፤ ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ነው። ከጀርባው ሙቀትን ፈጥኖ የሚያስተላልፍ የመዳብ ቅይጥ ይያያዛል፤ በመዳቡም ውስጥ ግፊት ያለው ውኃ በፍጥነት ይሮጣል። ውኃው ለጥቂት ሰኮንድ ቢያንስ ወይም በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ቢፈጠር መዳቡ ይበሳል። መንደሩ አይነካም፤ ምድጃው ግን ይዘጋል፥ ጥገናውም ሰው ሊቀርበው በማይችል ስፍራ በማሽን እጅ የሚፈጸም ነው።

ከዚህ እሳት ጥቂት ሜትር ርቀው የቆሙት ማግኔቶች ደግሞ ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ ሊቆዩ ይገባል፤ ያለ አንዳች ብክነት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት በፈሳሽ ሂልየም እንዲህ ሲቀዘቅዙ ነውና። አሠራሩ ቡና የምናኖርበትን ፔርሙዝ ይመስላል፤ በውጭ አየር የሌለው ትልቅ ዕቃ፥ በመካከሉ በብር የተለበጡ የሙቀት መከላከያ ሳህኖች አሉ። በማግኔቶቹ ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል 51 ጊጋ ጁል ነው፤ ይህም 14,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ከማግኔቱ አንዱ ክፍል በድንገት ቢሞቅ ይህ ሁሉ ኃይል መውጫ ይፈልጋል፤ ስለሆነም አደጋውን ለይቶ ኃይሉን ወደ ውጭ መቃወሚያዎች የሚያፈስ መሣሪያ ተዘጋጅቶለታል። ጉዳዩ የመላ ምት አይደለም። በሴፕቴምበር 2008 በጄኔቭ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ዋሻ በሁለት ማግኔቶች መካከል የነበረ አንድ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ተበላሽቶ፥ 6 ቶን ያህል ሂልየም ፈስሶ፥ 53 ማግኔቶች ተጐድተዋል። ከሰው የተጐዳ አልነበረም፤ ሥራው ግን እስከ ኖቬምበር 2009 ተቋርጧል።

ለወደፊቱ ማመንጫ ሙቀቱን የሚያወጣው ምን ይሁን በሚለው ላይ ሊቃውንት ገና አልተስማሙም። ውኃ በቦይለር ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በ300 ዲግሪ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ 85 ያህል የአየር ግፊት ያስፈልገዋል። በተጨማሪም በውኃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በኒውትሮን ሲመታ ወደ ናይትሮጅን ተለውጦ ብርቱ ጨረር ይሰጣል። ይህ ናይትሮጅን በየ7 ሰኮንዱ እኩሌታው ስለሚጠፋ ሥራው ሲቆም ጣጣ የለውም፤ በሥራ ጊዜ ግን ቧንቧው ከምድጃው ወጥቶ በሚሄድበት ሁሉ ወፍራም ግድግዳ ይጠይቃል። ሂልየም ጋዝ ጨረር አመንጪ አይሆንም፥ ከምንም ነገር ጋር አይዋሐድም፤ ሆኖም ቀላል ጋዝ በመሆኑ ብዙ ሙቀት ለማጓዝ ግዙፍ መግፊያ ይፈልጋል፤ መግፊያው የሚበላውም ኤሌክትሪክ ከሚሸጠው ይቀነሳል። የእርሳስና የሊቲየም ቅልጥ ሙቀትን በሚገባ ይይዛል፤ ማግኔቱ ግን ሲፈስ ይገታዋል። የቨርጂኒያው ማመንጫ የመረጠው ሊቲየም ያለበት ቀልጦ የሚፈስ ጨው ነው።

ሊቲየም ከሁሉ ዘንድ የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። 1000 ሜጋ ዋት የውሕደት ኃይል ዓመት ሙሉ ለማግኘት 56 ኪሎ ግራም ያህል ትሪቲየም ይቃጠላል፤ በዓለም ላይ ለሲቪል ሥራ የሚገኘው ግን በጥቂት አሥር ኪሎ የሚቈጠር ነው። ስለዚህ ማመንጫው ትሪቲየምን ከሊቲየም እየፈለፈለ ራሱ ማምረት አለበት። ማቀዝቀዣው ወፍጮም ሆነ ማለት ነው።

በሦስተኛ ወገን ላይ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት የሚመጣውም ከዚሁ ከትሪቲየም ነው። ጨረሩ ደካማ ስለሆነ ቆዳን አያልፍም፤ ነገር ግን ከውኃ ጋር ሲዋሐድ በመጠጥና በትንፋሽ ወደ ሰውነት ይገባል። እኩሌታው ለመጥፋት 12.3 ዓመት ይፈጃል። ከዚህ ሌላ ጠባዩ ረቂቅ በመሆኑ የጋለ ብረት ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። በኢተር ቅጥር ግቢ ሊኖር የሚፈቀደው ትሪቲየም ከ4 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ የተወሰነ ሲሆን፥ ማቀዝቀዣውም ሦስት ደረጃ ያለው ነው፤ ምድጃውን የሚነካው ውኃ በተዘጋ ቧንቧ ይዞራል፥ ሙቀቱን ለሁለተኛ የተዘጋ ቧንቧ ያስረክባል፥ ሁለተኛው ደግሞ በማቀዝቀዣ ግንቦች አማካይነት ለአየር ይሰጠዋል። ውኃዎቹ አይገናኙም። የሚያስፈልገው ውኃ ከፕሮቫንስ ቦይ ይመጣል፤ ተመልሶ ወደ ዱራንስ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት በገንዳ ተጠራቅሞ ሙቀቱና ጥራቱ ይመረመራል። በምድጃው ውስጥ ቧንቧ ቢፈነዳ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ስለሚሆን፥ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ውኃ ወዳለባቸው ጋኖች እየፈሰሰ ተመልሶ ውኃ እንዲሆንና ግፊቱ እንዲበርድ መንገድ ተበጅቶለታል።

እስከ አሁን በኢተር ላይ ከባድ ኪሳራ ያደረሰው ግን ከእነዚህ ታላላቅ አደጋዎች አንዱም አይደለም። በብር የተለበጡትን የሙቀት መከላከያ ሳህኖች የሚያቀዘቅዙት ቀጫጭን ቧንቧዎች በ2021 መጨረሻ ማፍሰሳቸው ተገኘ። ሲመረመር፥ ቧንቧዎቹ ሲታጠፉና ሲበየዱ በደረሰባቸው ውጥረት ላይ ከፋብሪካ ሥራ የተረፈ ክሎሪን በብየዳው አጠገብ ተደብቆ ቀስ በቀስ ብረቱን ሰንጥቆታል። ስንጥቁ እስከ 2.2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነበር፤ ሊለወጥ የተገባው ቧንቧ ደግሞ 23 ኪሎ ሜትር ሆነ። የምድጃውም ክፍሎች መጋጠሚያ ልኩን ያልጠበቀ ስለነበር አብሮ መታደስ ነበረበት። በ2022 ወደ ጉድጓዱ የወረደው የመጀመሪያው ክፍል በ2023 ተመልሶ ወጣ፤ የታደሰ ክፍል እንደገና የወረደው በ2025 ነው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ግራም ትሪቲየም ሳይገባ፥ አንድ ጊዜም እሳት ሳይለኮስ ነው። ዕቃ ከፋብሪካ ሲረከብ የማጠቢያውን ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ተረካቢ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታያል። በጁላይ 2024 የድርጅቱ ሹማምንት ወጪው 5 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚጨምር አስታውቀዋል።

መንግሥታት በሕጋቸው ይህንኑ የጉዳት ልዩነት እየተቀበሉ መጥተዋል። ፈረንሣይ ኢተርን በ2012 የፈቀደችው በኑክሌር ተቋም ሕግ መሠረት ነው። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሲዮን ግን በኤፕሪል 2023 የውሕደት ማመንጫ በስንጠቃው ማመንጫ ሕግ ሳይሆን የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያዎች በሚተዳደሩበት ሥርዓት እንዲጠበቅ ወስኗል፤ እንግሊዝም በዚያው ዓመት ባወጣችው የኃይል ሕግ ከኑክሌር ስፍራ ፈቃድ ነፃ አድርጋዋለች። ይህ ለሻጮቹ ጊዜና ወጪ ይቀንስላቸዋል። የፈቃዱ መቅለል የሚመለከተው ግን ሦስተኛውን ወገን ነው፤ ቧንቧው ሲሰነጠቅና ዳይቨርተሩ ሲበሳ ለገዢው ስንት ወር ኤሌክትሪክ እንደሚቋረጥ፥ ኪሳራውንም ማን እንደሚሸከም የሚወስነው የሽያጩ ውል ብቻ ነው። ኢተር በአዲሱ ዕቅድ የምርምር ሥራውን በ2034፥ በትሪቲየም የሚሠራውን በ2039 ይጀምራል። የቨርጂኒያው ሻጭ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ከዚያ ቀድሞ በ2030ዎቹ መጀመሪያ ለማስረከብ አስቧል።