ጤፉ ከገበያ አለ፣ ከቤት ግን የለም

በገጠር ረሃብ የሚመጣው ዝናብ ሲቀር ወይም አንበጣ ሲወርድ ነው። ጎተራው ባዶ መሆኑን ጎረቤት ሁሉ ያያል። የከተማ ረሃብ ግን እንዲህ አይታይም። ከወፍጮ ቤቱ ጤፍ አለ። ከሱቁ ዘይት አለ። ከሰውየው ኪስ ግን ብር የለም። ጎተራ የሌለው ሰው የዕለት ሥራ ካጣ የዕለት እንጀራም ያጣል።

እኛ ይህን ያየነው በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ጎፋ፣ ጀሞ፣ መካኒሳ፣ ለቡ የሚባሉት ሰፈሮች እዚህ ናቸው። ከፎቁ ጀርባ የቆርቆሮ ቤት አለ። ልብስ አጥበው፣ ሸክም ተሸክመው የሚያድሩ ሰዎች ይኖሩበታል።

ታዲያ ለተቸገረው ምን ተደረገ?

በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት የሚባል እርዳታ በ11 ከተሞች ተጀመረ። አዲስ አበባ አንዷ ነበረች። ገንዘቡ የመጣው ከመንግሥትና ከዓለም ባንክ ነው። ጉልበት ያለው ሰው መንገድ ይጠርግ፣ ችግኝ ይተክል፣ ደመወዙንም በባንክ ይቀበል ነበር። ከ100 ብሩ 20 ብር ይቆጠብለት ነበር። አቅመ ደካሞችና የአካል ጉዳተኞች ግን ሳይሠሩ ይረዱ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የዕለት ሥራ ቆመ። ያን ጊዜ በከተማው የምግብ ባንክ ተቋቋመ። ያለው ዱቄት፣ ዘይትና ፓስታ አመጣ፤ ለሌለው ተከፋፈለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም «ተስፋ ብርሃን» የሚባሉ የምገባ ማዕከሎች ተከፍተዋል። እዚያ ችግረኛ ሰው በቀን አንድ ጊዜ በነጻ ይበላል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን እርዳታ በራሱ እግር ከቤት አይገባም። በሴፍቲኔት ማን እንደሚረዳ የሚለየው ከሰፈሩ ነዋሪ የተውጣጣ ኮሚቴ ነበር። የተለዩት ሰዎች ስም ተጽፎ በአደባባይ ይለጠፍ ነበር። ቅር ያለው ሰው ቅሬታውን ያቀርብ ነበር።

አንዲት ልብስ አጣቢ እናት የደረሰባቸውን አጫወቱን። ስም ሲለጠፍ ሄደው ቆሙ። ማንበብ አይችሉም ነበርና አጠገባቸው ያለውን ሰው ጠየቁ። «አሉበት እማማ» አላቸው። ደስ ብሏቸው ገቡ። ለካስ ስሙ የሌላ ሴት ኖሯል! ስማቸው አንድ ነው፤ የአባታቸው ስም ግን ሌላ ነው። ይህን ያወቁት የቅሬታው ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

«ልጆቼ፣ የአባቴን ስም ማንበብ ብችል ኖሮ በዚያው ቀን እጮህ ነበር» አሉን።

ያን ክረምት ጎረቤት እንጀራውን እያካፈለ አሻገራቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ዛሬ እኚህ እናት ስማቸውን ከነአባታቸው ይጽፋሉ።

በገጠርም ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተረጂ ስም በዝርዝር ይያዛል። ስለዚህ ዝርዝር ሲለጠፍ ራሳችሁ አንብቡ። ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ የቤተሰባችሁን ቁጥር እዩ። የተዘለላችሁ እንደሆነ ቀኑ ሳያልፍ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ስጡ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት፤ ስትነግሩት ግን እስከ አባቱ ስም ድረስ ይሁን።

ተወያዩበት
1. የከተማ ረሃብ ከገጠር ረሃብ በምን ይለያል?
2. እኚያ እናት የተጎዱት በምን ምክንያት ነው?
3. በቀበሌያችሁ የተለጠፈውን ዝርዝር ማን ያነበዋል?