ጥቃቅን ግዢና የቤተሰብ ማዕድ በጅቡቲ ከተማ

ከጓሮው ጎመንና ቃሪያ ቀጥፎ የሚበላ ሰው ስለ ገበያ ያለው አስተሳሰብ፣ ሁሉን ነገር በገንዘብ ገዝቶ ከሚኖር ከተሜ አስተሳሰብ ይለያል። ለባላገር ግዢ የሳምንት ጉዳይ ነው፤ ጨውና ሳሙና ሸምቶ ከተመለሰ እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ድረስ ከገበያ ጋር ጉዳይ የለውም። የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ግን ከማለዳው ዳቦ እስከ ማታው ዓሣ ድረስ የሚቀምሰው ሁሉ ከሌላ እጅ የሚመጣ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ገበያ ይወጣል። የሚገዛው ጥቂት ነው፤ የገዛውንም ብቻውን አይበላም።

ይህ ልማድ ከምድሩ ጠባይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በፈረንሳዮች የተቆረቆረችው ይህች የባሕር ዳር ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በበጋዋ ወራት፣ ማለትም ከግንቦት ማብቂያ እስከ መስከረም፣ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። በዚህ ላይ መሬቱ ድንጋያማና ጨዋማ ስለሆነ እርሻ የሚባል ነገር እምብዛም አይታይም። ሩዝ፣ ዱቄትና ስኳር በመርከብ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ብርቱካን ከኢትዮጵያ በካሚዮን ይገባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከሚጠጣው ውኃ አንዱ ክፍል እንኳ ከኢትዮጵያ ሱማሌ ክልል በቧንቧ የሚመጣ ነው። ሙቀቱ ምግብን ቶሎ ያበላሻል፤ የቀን ሠራተኛውም ገንዘብ የሚያገኘው በየዕለቱ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን አስቤዛ በአንድ ቀን መሸመት ለብዙው ቤተሰብ የሚቻል አይደለም።

ማለዳ ከየዳቦ ቤቱ ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ ይገዛል፤ በየቤቱም ላሆህ ይጋገራል። ላሆህ እንደ እንጀራ ከቦካ ሊጥ የሚጋገር፣ ዓይን ያለው፣ ሆኖም ከእንጀራ ያነሰና የሳሳ ምግብ ነው። ማር ወይም ቅቤ ተደርጎበት በሻይ ይበላል። ረፋድ ላይ እናቶች በሐሙዲ መስጊድ አቅራቢያ ወዳለው የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ይወርዳሉ። በዚያ አካባቢ ድሪያ፣ ሽቶ፣ ዕጣን፣ ነጠላ ጫማና ፔርሙዝ ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። አዲስ ድሪያ የገዛች ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ ለጎረቤት ሳታሳይ አትቀርም። ጎረቤቲቱም ጨርቁን በጣቷ ዳብሳ ዋጋውን ትጠይቃለች፤ ነጋዴው አስወድዶ እንደሆነም ሳትደብቅ ትናገራለች። አማርኛ ተናጋሪ ከሆነች «በጤና ልበሺው» ብላ ትመርቃለች። ይህን እንደ ጉራ የሚቈጥሩ አሉ፤ ነገር ግን የገበያ ዋጋ በየቀኑ በሚለዋወጥበት ሥፍራ፣ የገዙትን ማሳየት ለመንደሩ ሁሉ እንደ ወሬ ማሰራጫ ያገለግላል።

ከቀትር በኋላ የከተማው ገጽታ ይለወጣል። በሰባት ሰዓት ገደማ ከኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ደጋዎች የተጫነው ጫት ይደርሳል። ጫት የሚፈለገው ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ምክንያቱም ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀጠፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ኃይሉ ወደ ደከመ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ከዚህ የተነሣ ግዢው የዕለት ተዕለት ነው። በመንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡት አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከዚህ ንግድ በሚያገኙት ገንዘብ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። በአንጻሩ ደግሞ ገዢው አባወራ ከዕለት ገቢው ብዙውን ለጫት ካዋለ፣ ለቤቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። መቃሚያው ክፍል ራሱን የቻለ የመቋደሻ ሥፍራ መሆኑ አይካድም፤ ወሬ ይወራበታል፣ ጠብ ይበርድበታል፣ ውል ይዋዋሉበታል። ነገር ግን የዚያ ማዕድ ተቋዳሾች በአመዛኙ ወንዶች ናቸው፤ ልጆችም ከበር መልስ ናቸው። የአንዱ ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ በሌላው ልጅ አባት ቅሚያ የሚሸፈን በመሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርድ መስጠት ለሩቅ ተመልካች እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ነፋስ ሊቀበል ይወጣል። በማታ የሚበላው የየመኖች ዓሣ በከተማው እጅግ የታወቀ ነው። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ ቀይ በርበሬ ይቀባና በሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል። ከዚያው ምድጃ ከወጣ ሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል። አንዱን ዓሣ ሦስት አራት ሰው ከብቦ ይበላዋል፤ ትንንሾቹ እሾህ እንዳይወጋቸው ሥጋውን እናት እየለቀመች ታጎርሳቸዋለች።

ከዕለቱ ግዢ ውጪ፣ ለሠርግና ለዒድ የሚገዛ፣ ከከተማ ወደ ከተማም የሚሻገር ጣፋጭ አለ፤ ይኸውም ሀልዋ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ያደገ ሰው ከሙሸበክ ጋር አብሮ ያስታውሰዋል። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስኳር በውኃ ይፈላና፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ የበቆሎ ስታርች ይጨመርበታል። ቀጥሎ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ እየተደረገበት ሳይቋረጥ ይማሰላል፤ በመጨረሻም ሄልና ገውዝ ይገባበታል። ስታርቹ ሲሞቅ ውኃውን ጠጥቶ ስለሚያብጥ ፈሳሹ ወደሚሳሳብ ዝልግልግ ነገር ይለወጣል። ማማሰሉ ለአፍታ ከተቋረጠ ከድስቱ ሥር ያርራል። ሀልዋ በዚያ ሙቀት ሳይበላሽ የሚሰነብትበት ምክንያት ስኳሩ ነው፤ ውኃው ከብዙ ስኳር ጋር ስለተያያዘ ለሻጋታ የሚተርፈው እርጥበት አይኖርም። ለመንገደኛ የተመቸ ስጦታ ያደረገውም ይህ ጠባዩ ነው። ጥቂቱ እንኳ በቢላዋ በትንንሹ ተቆራርጦ ከመራራ ቡና ጋር ሲቀርብ ለብዙ ሰው ይበቃል።

በከተማው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የሚናፍቁት ሌላ ነው። ከእነርሱ መካከል ከ1960ዎቹ ማብቂያና ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአብዮትና በጦርነት ምክንያት የተሰደዱ ቤተሰቦች፣ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌሮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሆነ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ለእነዚህ ቤተሰቦች እንደ ፖስተኛ ነው። እናት ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ በአደራ ትልካለች። እንጀራ በባሕር ዳር ወበቅ ቶሎ ስለሚሻግት ድርቆሽ ተደርጎ ይላካል። መንገድ ላይ ከዳቦ ቆሎው የሚዘግን ሾፌር በቃሉ እውነተኛ ትርጉም አደራ በላ ይሆናል። ቋጠሮው ሲፈታ ጎረቤት ሁሉ ይጠራል። ድሬዳዋን አይተው የማያውቁ ልጆች «ይኼ የማነው? ማን ሠራው?» ብለው ሲጠይቁ፣ የአያታቸውን ስምና የሰፈራቸውን ወሬ የሚሰሙት በዚያች ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት የሚማሩት በፈረንሳይኛና በዓረብኛ፣ መንገድ ላይ የሚጫወቱት በሱማሊኛና በአፋርኛ በመሆኑ፣ አማርኛቸው የሚቆየው በእነዚህ ጥቂት ሰዓቶች ነው።

ስጦታው በመልሱም ጉዞ ባዶ አይቀርም። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ነባሩ የምድር ባቡር በሚያገለግልበት ዘመን፣ ከጅቡቲ የሚመለስ መንገደኛ ቴምር፣ ሽቶ፣ ሽርጥ ወይም የዱቄት ወተት ሳይዝ አይወርድም ነበር። አንድ ሳሙና ስጦታ ነው፤ አንድ ካርቶን ሳሙና ግን ኮንትሮባንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ወሰን ለማስረዳት በየኬላው ብዙ አንደበተ ርቱዕነት ባክኗል። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በኢትዮጵያ፣ በጥር 2017 ደግሞ በጅቡቲ ተመርቋል። ጣቢያው ነጋድ ከመሀል ከተማው ወጣ ያለ ነው።

በስጦታው ላይ ከሚመጡት ነገሮች የማይበላው ደብዳቤው ብቻ ነበር። ቴምብር መሰብሰብ ለሚወድ ቤተሰብ ግን ኤንቨሎፑም ሲሳይ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው፣ ከፊሎቹም የዳግማዊ ምኒልክን ምስል ይዘው እ.ኤ.አ. በ1895 ለሽያጭ ቀረቡ። ሆኖም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስከሆነች ድረስ ቴምብሮቹ ከወሰን ውጪ አይታወቁም ነበር። ስለዚህ ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ በፈረንሳዮች ይዞታ ስም የታተመ ሌላ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። ሁለቱን ቴምብር ጎን ለጎን የያዘ ኤንቨሎፕ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነው። የሴት አያቶች አሮጌ ሣጥን ሲከፈት፣ ከሽቶው ጠርሙስና ከከረሜላው ቆርቆሮ ሥር የሚገኙትን ወረቀቶች ከመጣል በፊት ጥግ ጥጋቸውን መመልከት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።