1,200 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ለመጓዝ ምን ዓይነት ዝግጅት ያስፈልጋል?

እስቲ በአንድ ስሌት እንጀምር። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ደርሳችሁ ብትመለሱ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። ይህን መንገድ በብስክሌት፣ ያውም በ90 ሰዓት ውስጥ ጨርሱ ብትባሉስ? 90 ሰዓት ማለት እኮ አራት ቀን እንኳን አይሞላም።

በፈረንሳይ አገር ከዚህም ትንሽ የሚረዝም ጉዞ አለ። ፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ ይባላል። በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል፤ ከፓሪስ አካባቢ ተነስቶ በስተ ምዕራብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር እስካለችው የብሬስት ከተማ ይዘልቅና ይመለሳል። በድምሩ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቅ ተራሮች የሉበትም፤ ዳገትና ቁልቁለቱ ግን ማለቂያ የለውም። ዳገቶቹ ሁሉ ቢደማመሩ ከ10,000 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ይሆናል፤ ራስ ዳሸንን ከባሕር ጠለል ተነስቶ ሁለት ጊዜ ከመውጣት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በተካሄደው ጉዞ ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሳትፈዋል። አብዛኞቹ ታዲያ መተዳደሪያቸው ስፖርት አይደለም፤ ሌላ ሥራ ያላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። ጸጉራቸው የሸበተም ሞልቷል።

ቱር ደ ፍራንስን ታውቁት ይሆናል፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተሳተፈበት ውድድር ነው። እዚያ ማታ ማታ ሰዓቱ ይቆማል፤ ብስክሌተኛው ታሽቶ፣ በልቶ፣ አልጋው ላይ ያድራል። እዚህ ግን ሰዓቱ አይቆምም። ስትበሉ ይቆጥራል፣ ስትተኙ ይቆጥራል፣ ጎማችሁ ተንፍሶ መንገድ ዳር ስትታገሉም ይቆጥራል።

አሁን 1,200ን ለ90 አካፍሉት። በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይመጣል። ብስክሌት የለመደ ማንም ልጅ የሚሄደው ፍጥነት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው መንገዱን በ60 ሰዓት ይጨርስና 30 ሰዓት ይተርፈዋል። መብላቱ፣ በየመቆጣጠሪያ ጣቢያው ወረፋ ይዞ ካርድ ማስመታቱ፣ ብስክሌት መጠገኑ፣ መተኛቱም በዚያች 30 ሰዓት ውስጥ ነው። እንግዲህ ፍጥነቱ ካልከበደ የሚከብደው ምንድን ነው? ሆድና እንቅልፍ ነው። ዝግጅቱም በአብዛኛው የሚያተኩረው እነዚህ ላይ ነው።

ሁለት ጎተራዎች

ጡንቻችሁ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነዳጅ ያቃጥላል። አንደኛው ግላይኮጅን ነው፤ ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከፓስታ ያገኘነው ስኳር ተያይዞ በጡንቻና በጉበት ውስጥ ሲከማች የሚይዘው መልክ ነው። ሁለተኛው ስብ ነው።

ግላይኮጅን ቶሎ ይነዳል፤ ጎተራው ግን ትንሽ ነች። ጢም ብላ ስትሞላ 500 ግራም ገደማ፣ በኃይል ሲለካ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ትይዛለች። የስብ ጎተራ ግን ሌላ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ቀጠን ያለ ሰው 7 ኪሎ ያህል ስብ ቢኖረው ከ50,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። ችግሩ ስብ የሚነደው ቀስ ብሎ መሆኑ ነው።

ጉዞው ስንት ይፈጃል? ሳይቸኩል የሚነዳ ሰው ፔዳሉ ላይ 150 ዋት ያሳርፋል እንበል። በአንድ ሰዓት 540 ኪሎ ጁል ይሆናል። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ግን ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ሩብ ያህል እንኳን አይሆንም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። (እንደዚያ የሚያልባችሁም ለዚሁ ነው።) ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ጉዞ 550 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልጋል። በ60 ሰዓት ከ30,000 በላይ ማለት ነው! ያቺ የ2,000 ጎተራ ብቻዋን አራት ሰዓት እንኳን አታስኬድም።

«ታዲያ መብላት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግን አንጀትም የራሱ ልክ አለው። ትንሹ አንጀት ግሉኮስን ወደ ደም የሚያሳልፈው ግድግዳው ላይ በተተከሉ ልዩ ፕሮቲኖች በኩል ነው፤ እንደ በር አስቧቸው። እነዚህ በሮች በሰዓት 60 ግራም ገደማ ካሳለፉ በኋላ ይጨናነቃሉ። 60 ግራም ደግሞ 240 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። በፍራፍሬና በማር ውስጥ የምናገኘው ፍሩክቶስ የሚባለው ስኳር ግን የሚገባበት በር ሌላ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀላቅሎ የሚወስድ ሰው ወደ 90 ግራም ሊደርስ ይችላል። ያም ሆኖ 360 ነው እንጂ 550 አይሞላም። የጎደለውን ስብ ካልሸፈነው ጉዞው አይሆንም።

ዝግጅቱ ለምን ቀስ ያለ ነገር እንደሚመስል አሁን ይገባችኋል። ስትዝናኑ፣ ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት፣ ስብ የሚሸፍነው ድርሻ ከፍ ይላል። ቁና ቁና እየተነፈሳችሁ ዳገት ስትወጡ ግን ሰውነት ወደ ግላይኮጅን ይዞራል። ለወራት ረጅምና ዝግ ያለ ልምምድ የሚያደርግ ሰው ጡንቻው ውስጥ ማይቶኮንድሪያ ይበዛሉ፤ እነዚህ ስብ የሚቃጠልባቸው የሕዋስ ምድጃዎች ናቸው። ደም የሚያደርሱ ቀጫጭን ሥሮችም ይጨምራሉ። ይህ በሁለት ሳምንት ጥድፊያ የሚመጣ አይደለም። የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ከፈጣኖቹ ጋር ተፎካክሮ የጨረሰ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በሁለተኛው ቀን ነው።

አንጀትም ይሠለጥናል። በልምምድ ወቅት እየነዱ አዘውትሮ ካርቦሃይድሬት መውሰድ አንጀቱን ያለማምደዋል። በጣም በሚያደክም ፍጥነት ስንሄድ ደግሞ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ስለሚሸሽ ምግቡ ሳይፈጭ ይቀራል፣ ያቅለሸልሻል። ሌላም ነገር አለ፤ ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ስትበሉ ከዋላችሁ ማታ ላይ ማየቱ ራሱ ያስጠላችኋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሾርባ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ጨው ያለበት ዳቦ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ጨው ስንል፣ ውኃ ብቻውን ከመጠን በላይ መጋትም አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲቀጥን አንጎል እስከማበጥ ይደርሳል። ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ከምግቡም ጨው አይጥፋ። (በነገራችን ላይ ፈረንሳዮች ለዚህ ጉዞ ክብር ሲሉ የመንኮራኩር ቅርጽ ያለው ኬክ ሠርተው ስሙንም ፓሪስ-ብሬስት ብለውታል። በክሬም የተሞላ ስለሆነ ለመንገድ ስንቅ አልመክረውም።)

መሰላሉ

ፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ ላይ ዝም ብሎ ተመዝግቦ መነሳት አይቻልም። በዚያው ዓመት 200፣ 300፣ 400 እና 600 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማሳየት ያስፈልጋል። የየራሳቸው የሰዓት ገደብም አላቸው፤ ለ200ው 13 ሰዓት ተኩል፣ ለ600ው 40 ሰዓት። ይህ ሰው ለመቀነስ የተተከለ አጥር ይመስላል። እኔ ግን በደንብ የታሰበ ሙከራ ሆኖ ነው የማየው፤ እያንዳንዱ ርቀት የሚያጋልጠው ድክመት የተለየ ነውና። 200ው ላይ ኮርቻው እንደማይስማማችሁ ታውቃላችሁ። 300ው ላይ ስንቃችሁ እንዳነሰ ወይም ሆዳችሁ እንዳልተቀበለው ይታያል። በ400ው ብዙ ሰው ሌሊቱን መንገድ ላይ ያሳልፋል፤ መብራቱ፣ ብርዱ፣ ጨለማው እዚያ ይፈተናል። 600ው ደግሞ ትንሽ ተኝቶ በነጋታው የደነደነ እግር ይዞ እንደገና ኮርቻ ላይ መውጣት ምን እንደሚመስል ያሳያል።

እጅም ይታመማል። ከመዳፍ በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፈው ነርቭ በመሪው ላይ ለሰዓታት ሲጫን ትንሿና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ፤ አንዳንዴ ጉዞው ካለቀ ከሳምንታት በኋላም አይለቅም። ጓንት ማድረግና የእጅን ቦታ ቶሎ ቶሎ መቀያየር ይረዳል።

የማይሠለጥነው ነገር

ጡንቻ ይለምዳል፣ አንጀት ይለምዳል፣ የመቀመጫ ቆዳ እንኳን ይለምዳል። እንቅልፍ ግን አይለመድም። ይህን ነገር ልብ በሉት፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዞ ላይ ሕይወትን የሚያሰጋው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ በበዛ መጠን እንቅልፍ ይጫነናል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ስለዚህ ቡና እንቅልፉን አያጠፋውም፤ መልእክቱ እንዳይደርስ ነው የሚያደርገው። አዴኖሲኑ እዚያው ተከማችቶ ይጠብቃል። በዚህ ላይ የሰውነት ሰዓት የሚባለው አለ። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነታችን ሙቀት ይወርዳል፣ ንቃታችንም አብሮ ይወርዳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንጎል ሳያስፈቅድ ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ይጠፋል፤ ዓይን ተገልጦም ቢሆን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት እየወረዳችሁ ለሦስት ሰከንድ ብትጠፉ ከ30 ሜትር በላይ ማንም ሳይነዳው የሚሄድ ብስክሌት ላይ ተቀምጣችኋል ማለት ነው።

አሜሪካዊው ማይክል ሸርመር እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጠው ውድድር ላይ ነበር። 83 ሰዓት ሳይተኛ ከነዳ በኋላ ነብራስካ ግዛት ውስጥ፣ ብርሃኑ የሚያበራ ትልቅ መንኮራኩር አጠገቡ ቆሞ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሲከቡት አየ። መንኮራኩሩ የራሱ ቡድን መኪና ነበር፤ ፍጡራኑም እንዲተኛ ሊለምኑት የወረዱ የገዛ ጓደኞቹ! ዘጠና ደቂቃ ተኛና ሁሉም ነገር ጠፋ። ሰውየው በኋላ ማስረጃ የሌላቸውን እምነቶች የሚመረምር መጽሔት መሥራች ሆነ። በዚያው ውድድር አንገቱ ራሱን መሸከም ስላቃተው፣ ይህ ዓይነቱ የአንገት ጡንቻ መዛል እስከ ዛሬ በብስክሌተኞች ዘንድ በስሙ ይጠራል።

የሚገርመው የፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ የመጀመሪያ አሸናፊ ያሸነፈው ባለመተኛቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሻርል ቴሮን ይመራ የነበረውን ዢል-ላቫልን ተኝቶ ሳለ አለፈውና በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨረሰ። ጀግንነቱ አያጠራጥርም። ግን ያኔ መንገዱ ላይ መኪና እምብዛም አልነበረም፤ ከ200 በላይ ተነስተው የጨረሱትም 100 ገደማ ብቻ ናቸው። የቴሮንን ታሪክ ሰምቶ «እኔም አልተኛም» ማለት መጥፎ ምርምር ነው፤ ከመረጃው አንዱን ሰው ብቻ መርጦ ማየት ነዋ።

ታዲያ እንቅልፍ ካልሠለጠነ ምን ይደረጋል? ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ከወትሮው በላይ መተኛት ይረዳል። ቡና ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ ማሸለብም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ካፌይኑ በደንብ መሥራት የሚጀምረው በዚያው መንቂያ ሰዓት አካባቢ ነውና። ከሁሉም በላይ ግን የት እንደሚተኛ ቤት ሆኖ መወሰን ያስፈልጋል፤ «ሁለተኛው ሌሊት ላይ እዚህ ጣቢያ ሦስት ሰዓት እተኛለሁ፣ ከዚያ በፊት ዓይኔ ከተከደነም ወዲያው እቆማለሁ» ብሎ መጻፍ። ለምን ቤት ሆኖ? እንቅልፍ ያጣ አንጎል የራሱን ድካም አሳንሶ ስለሚገምት ነው። በሌሊቱ 10 ሰዓት «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ልግፋ» የሚላችሁ፣ ያው መለኪያው የተበላሸበት አንጎል ነው።

ፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ ከ18 ዓመት በታች የሆነን አይቀበልም፣ እናንተም ሌሊት መንገድ ላይ ውጡ አልላችሁም። አንጎላችሁን ግን ቤት ሆናችሁ መለካት ትችላላችሁ። ጓደኛችሁ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ከላይ ይያዝ፤ እናንተ ዜሮው ጋ አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን ሳትነኩት ከፍታችሁ ጠብቁ። ሳይነግራችሁ ይልቀቀው፣ ያዙት። 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዛችሁት 0.17 ሰከንድ፣ 25 ላይ ከሆነ 0.23 ሰከንድ ፈጅቶባችኋል። ከሰዓት በኋላ 20 ጊዜ፣ በነጋታው ከአልጋ እንደተነሳችሁ ደግሞ 20 ጊዜ ሞክሩና ጻፉት። በሁለቱ አማካዮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ይልቅ፣ ማስመሪያው ጭራሽ ሳትይዙት መሬት የወደቀባችሁ ስንቴ እንደሆነ ቁጠሩ።